በየነ ያላየው ኮረብታ

ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ሽማግሌው ፈረንጅ ቶሚ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ካለው የያለምወርቅ አፓርታማ በር ላይ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ ቆመና መግባት ፈራ። ወንድሟ በየነ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሳሎኑ በለቀስተኛ ስለተሞላ ልጇ መቅደስ ሽማግሌውን በኮሪደሩ አሳልፋ መኝታ ቤት አስገባችው። ያለምወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ማሚ፣ ቶሚ ነው። የአንክል በየነ ክለብ ፕሬዚዳንት።"

"የወፎቹ ማኅበር በይኝ። አውቀዋለሁ፤ ተቀመጥ በይው።"

ማኅበሩ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ የሚዘከርበት ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ስለ መንደሩ ቁጥቋጦ፣ ስለ ወፎቹና ከመንደሩ በላይ ስላለው ኮረብታ ሲጽፍ የኖረ ነው። በየነ መጽሐፉን ያገኘው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ በእርዳታ ከመጣ ካርቶን ነበር። እንግሊዝኛውንም የተማረው በሱ ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ስለ ዛፍ እያነበበ ከማበድ እንደዳነ ይናገር ነበር። ቶሮንቶ ከገባ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ፓርኪንግ ሠራ፤ ሒሳብ በሚቀበልባት ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ያነባል። በወር አንድ ቅዳሜ ዳንፎርዝ ካለው ላይብረሪ ከማኅበርተኞቹ ጋር ይሰበሰባል።

"ማኅበር ትለዋለህ፣ ጠበል ጻዲቅ እንኳ የለው! በደረቅ ብስኩት ይዘከራል እንዴ?" ትለው ነበር ያለምወርቅ።

"ሰውየው ጻድቅ አይደለማ፣ እታለም" ይላትና ይስቃል።

አባላቱ ኮረብታውን ሊያዩ እንግሊዝ ሲሄዱ እሱ አንድም ጊዜ አልሄደም። መጀመሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ ቀጥሎ ሥራው አላስወጣ አለው፤ በመጨረሻ ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ከዲያሊሲስ ማሽን ጋር ታሰረ።

ቶሚ ከኪሱ ፖስታ አወጣ። "አምና ነው የሰጠኝ። ስሞት ለእህቴ ስጣት ብሎኛል። ሌላ ኮፒ የለም። ላስገድዳችሁ አልመጣሁም" አለ፤ መቅደስ ተረጎመች። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ ለራሷ ማንበብ ጀመረች።

"ምንድነው? ንገሪኝ እንጂ!"

"ክሬሜሽን እንዲደረግለት ነው የሚፈልገው። አመዱን እዛ ኮረብታ ላይ እንዲበትኑለት።"

"ማንን? በየነን? ሊያቃጥሉት?"

"ማሚ፣ እሱ ራሱ እኮ ነው የጻፈው። በሕይወቱ ሌላ ምን ጠይቆሽ ያውቃል?"

"ቀስ በይ፣ ሳሎን ይሰማል! ፍትሐቱስ? ካህናቱ በምን ላይ ይጸልዩ? በጣሳ ላይ?"

"አንቺ የሰው ወሬ ነው የምትፈሪው።"

"ነፍሱን ነው የምፈራለት!" አለች ያለምወርቅ። ወሬውንም እንደምትፈራ ግን ታውቃለች።

ቶሚ ጣቱን ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፈ። እዚያ ያለውን ማንበብ እንዳልቻለ ነገራቸው። በአማርኛ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ነበሩ። መቅደስ አማርኛ ታወራለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። ያለምወርቅ መነጽሯን አደረገች።

«እታለም፣ የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው እንቢ ብለውኛል። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ግን በቁሜ ያልደረስኩበት ቦታ ሞቼ እንኳ ልድረስ። አደራ። በእናታችን አጥንት።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ወዲያው የዕድሩ ሊቀመንበር ዘውዴ በሩን ቆረቆረ።

"እትዬ ያለም፣ ካህናቱ የቅዳሜውን ሰዓት ቁርጡን ንገሩን ብለዋል። ምን ልበላቸው?"

"ቆየኝ፣ ዘውዴ።"

"ምን ይላል?" አለች መቅደስ በሹክሹክታ።

ያለምወርቅ የልጇን ፊት አየች፤ የቶሚንም አየች። ሁለቱም አፏን ነበር የሚጠብቁት። ወረቀቱን በአራት አጠፈችው።

"ሐሳቤን ለውጫለሁ ይላል። ከወገኖቼ ጋር ቅበሪኝ ይላል።"

"ሪሊ? ታዲያ ላዩን ለምን አልሰረዘውም?"

"እኔ ምን አውቄ። ኋላ የጨመረው መሰለኝ፤ እስክሪብቶውም ይለያል።"

መቅደስ እያለቀሰች ለቶሚ ተረጎመችለት። ሽማግሌው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና እንኳንም መጥቼ ጠየቅኩ አለ። ያለምወርቅ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

"ዘውዴ! ሦስት ሰዓት በላቸው" አለች ወደ በሩ።

በየነ ቅዳሜ ዕለት ስካርቦሮ ተቀበረ። አራት ካህናት ፍትሐት አደረሱለት፤ ከማኅበሩም ስምንት ሰዎች መጥተው ከኋላ ቆሙ። ቀድሞ በየበዓሉ ትቆርብ የነበረችው ያለምወርቅ ከዚያ ወዲህ አልቆረበችም።