ከደንቡ ውጭ የቀረው አውራ ዶሮ

ከቦዩ ማዶ ባለው እርሻ ዳክዬዎቹ አንገታቸውን እየጠመዘዙ መውደቅ የጀመሩት ሰኞ ነው። ማክሰኞ የእንስሳት ሐኪሙ በጀልባ ወደ እኛ መጣ። ማስክ፣ ሳሙናና የሙቀት መለኪያ ሰጠኝ። እዚህ እርሻ ላይ የሠራተኞቹ አለቃ እኔ ነኝ። ስሜ ኛም ነው። ዕድሜዬ ሰባ አንድ።

«በሽታው ከወፍ ወደ ሰው ይሻገራል» አለኝ። «ሳንባ ነው የሚይዘው። ከሰው ወደ ሰው እንዳይሻገር ነው የምንፈራው። ላባ ያለው ነገር ወደምትተኙበት አይግባ። አንድ ሰው ካተኮሰው ወዲያው ይደውሉልኝ፣ አባባ። መድኃኒቱ ቶሎ ካልተወሰደ አይረዳም።»

ያለውን ሁሉ አደረግሁ። የዳክዬ ቤት ጫማ ከዳክዬ ቤት በር እንዳያልፍ ከለከልሁ። አራታችን የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ መስኮቶቹን ነቅዬ አልጋዎቹን አራራቅሁ። ጠዋት ጠዋት የሁሉንም ሙቀት ለካሁ። ላባ ያለው ነገር አይገባም አልሁ።

«እንግዲያው ሚስቴ የላባ ትራሷን ልትጥል ነው» አለ ቶዋን። ቶዋን ከሠራተኞቼ ቀልደኛው ነው። ሚስቱ ኡየን አምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«ማስክህን ከአገጭህ አንሣ። አገጭህ አይስልም» አልሁት።

«በዚህ ሙቀት! እኔ ከበሽታው በፊት ማስኩ ነው የሚገድለኝ።»

«አይስሙት፣ አባባ» አለች ኡየን። «ከተጋባን ጀምሮ አፉን የሚዘጋልኝ ነገር ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ልጄ ክየም አውራ ዶሮውን ታቅፎ ቆሞ ይስቅ ነበር። ዶሮውን አስወጣ ያለው ሰው የለም። እኔም አላልሁም።

አውራው፣ ግራጫው የምንለው፣ በተዋጊ ዶሮ የታወቀው የካው ላን አገር ዘር ነበር። አራት ጊዜ ተዋግቶ አራቱንም አሸንፏል። የሚያድረው ከክየም አልጋ ሥር ነው። እኛ ዘንድ የሚዋጋ አውራ ከዶሮ አይቆጠርም። ዶሮ ይበላል። እሱ ገላውን ይታጠባል፣ ይታሻል፣ ስም ይወጣለታል። ላባ ያለው ስል እሱ በሐሳቤም አልመጣም።

ሐሙስ ጠዋት ክየም ቦዩ ዳር ተቀምጦ አየሁት። የግራጫው ጉሮሮ ያንኮራፋ ነበር። ክየም ምንቃሩን ከፈተ፤ አፉን ገጠመበት፤ አክታውን መጥጦ ተፋ። ደግሞ መጠጠ። አውራ ጉሮሮው ሲዘጋ እንዲህ ነው የሚደረገው። ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እኔን አባቴ አስተማረኝ።

«በአፍህ?» አልሁት።

«ታዲያ በምን ልምጠጥለት፣ አባዬ? በማስክ?» ሳቀና በቦዩ ውሃ ተጉመጠመጠ።

ዓርብ በግራጫው ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቆረ። ቅዳሜ ሞተ። ክየም እያለቀሰ ቀበረው። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከልጄ ላይ አልተነሣም። ሲበላ አየዋለሁ። ሲጠጣ አየዋለሁ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ከዳክዬ ቤቱ ማዶ ሆኜ ይሰማኛል።

እሑድ ጠዋት ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ተኩል ሆነ።

«ፀሐይ ላይ ውዬ ነው» አለ። «አባዬ፣ ከደወልክ የባለእርሻዋን ዳክዬ ሁሉ ይጨርሱታል። በእኔ አውራ የተነሣ ስድስት ሺህ ዳክዬ! ከዚያ በኋላ ማን ሥራ ይሰጠናል?»

«ነገ ደግመን እንለካለን» አልሁ። ነገ ያልሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ከዳክዬ ቤት ስመለስ ኡየን ከክየም አልጋ ጫፍ ተቀምጣ የሩዝ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣዋለች። ማስኳ አንገቷ ላይ ነው። እሱ ሳለ፤ እሷ አፉን በእጇ ጠረገችለት። በዚያው እጅ የራሷን አፍንጫ አከከች።

«ውጪ!» ብዬ ጮህሁ።

«ምን ሆኑ፣ አባባ? ጉንፋን የያዘው ሰው ጦሙን ይዋል?»

«ውጪ አልሁሽ! በሳሙና ታጠቢ! ቶዋን፣ ሚስትህን ውሰድ! ሁለታችሁም እዚህ ቤት እንዳትገቡ!»

ቶዋን ያን ጊዜ አልቀለደም። ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ሳበው።

ስልኬን አወጣሁ። ክየም ክንዴን ያዘኝ። እጁ እንደ ፍም ይፋጃል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ተው፣ አባዬ።»

ደወልሁ። ለሐኪሙ ምንም አልደበቅሁትም፤ አውራውን፣ መምጠጡን፣ እኔ ቆሜ ማየቴን፣ የእሑዱንም ሙቀት ነገርሁት።

«አውራው ላባ አልነበረውም፣ አባባ?» አለኝ።

ቀትር ላይ ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሰዎች በጀልባ መጥተው ክየምን ወሰዱት። የቀረነውን ሦስታችንን ከአፍንጫችን ናሙና ወሰዱ፤ ኪኒን ሰጡን፤ ዐሥር ቀን ተራርቃችሁ ተቀመጡ አሉን። ዳክዬዎቹን በሙሉ ገድለው ቀበሩ። ባለእርሻዋ በስልክ ሰደበችኝ። ሰምቻት ዘጋሁ።

እኔ በመኖ መጋዘኑ ውስጥ፣ ባልና ሚስቱ በሸራ ድንኳን ሆንን። ኡየን ሩዙን መሃል ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ሥራዬ ማዳመጥ ብቻ ሆነ፤ ከእነሱ በኩል ሳል ይመጣ እንደሆነ፣ የራሴን ጉሮሮ ይከረክረኝ እንደሆነ። አንድ ቀን ቶዋን አነጠሰ። ሦስታችንም በያለንበት ደርቀን ቀረን።

«ቃሪያ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ቃሪያ እየከተፍኩ ነው!»

ማንም አልሳቀም።

ከሆስፒታሉ በየቀኑ እየደወሉ ስለ ክየም የሚነግሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሚተነፍሰው በቱቦ ነው።

በስምንተኛው ቀን ከወትሮው ሰዓት ቀድሞ ስልኩ ጮኸ። አላነሣሁትም። አስቀምጬ አየሁት። ዝም አለ፤ ደግሞ ጮኸ። በሦስተኛው አነሣሁ። ነርሷ ተናገረች፤ እኔ አዳመጥሁ።

ኡየን ከድንኳኑ ደጃፍ ሆና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«አባባ! ምን አሉ?»

«ቱቦውን አውጥተውለታል። በራሱ ይተነፍሳል።»

«ይድናል አሉ?»

«አልጠየቅሁም» አልኋት። «ፈርቼ ዘጋሁት።»