የእንግዳው ሮቶ

በጎ ፈቃደኛው ካለም በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳለች አንዲት የኪሪባቲ ደሴት የሄደው ስለ ንጹሕ ውሃ ሊያስተምር ነበር። ባሳደሩት በእማማ ቴሬቲያ ቤት፣ የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት ሮቶ ላይ «ውሃ እንቆጥብ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ከዚያው ሮቶ እየቀዳ ጧትና ማታ ይታጠባል። ዝናብ ከጠፋ አራት ወር ሆኖታል፤ ማንም አንድ ቃል አልተናገረውም።

አንድ ጧት ጸጉሩን ሁለቴ በሻምፑ ታጥቦ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና፣ ሳያስተውል የእማማን ኩባያ አንስቶ ሻዩን ተጎነጨ። ፊቱን አጨማደደ።

«እማማ፣ በስኳር ፈንታ ጨው ጨምረውበታል!»

«አንተ ቀማኛ፣ ያንተ ያኛው ነው!» ብለው ሳቁ። «የኛ ከጉድጓዱ ነው የሚቀዳው። ዝናብ ሲጠፋ ባሕሩ ይገባበታል፤ ለምደነዋል።»

«ታዲያ ከሮቶው ለምን አትቀዱም?»

«እሱማ የእንግዳ ነው። ሆድህን ቢያምህ እናትህን ምን እላታለሁ?»

ካለም አንገቱን ደፋ። ከጸጉሩ የሚወርደው ውሃ ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እማማ ፎጣ አቀበሉት።

«ያልቃል ብለህ ደግሞ እንዳትሳቀቅ» አሉት። «የእህቴንም ሮቶ ላንተ ብለን ቆልፈነዋል።»