ባትሪ የምትመዝነው እትዬ ሊጋያ

እትዬ ሊጋያ ባትሪ መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው ሰላምታው ሳይመለስለት ኪሱን ያራግፋል። ሕጓ ነው። ቁልፍም ይሁን ሳንቲም ወይም የሎተሪ ቁራጭ፣ ጎማ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ግን በከተማችን በማሪኪና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያጨስ ሁሉ እትዬ ስለሚላት እኔም እላታለሁ። ራሷ አንድም ቀን አጭሳ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ባትሪ ስትፈትሽ ኖራ የወጣች ሴት ናት።

ያን ሰኞ የሄድኩት ጨንቆኝ ነው። ጫማ ሰፊ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንዱ የከንፈሬ ጥግ ሚስማር፣ በሌላው ሲጋራ ይዤ ሶል ስመታ ኖሬያለሁ። የልጅ ልጄ ሃቲ አስም ያዛትና ሐኪሙ ከዚህ ቤት ጭስ ይጥፋ ሲል፣ ባለቤቴ አዴላይዳ ጭሱን ትታ እኔን ልታጠፋ ተነሳች። ስለዚህ ኤሌክትሮኒኩን ያዝኩ፤ እሱንም ግቢው ጥግ ሄጄ። አርባ አንድ ቀን ሲጋራ አልነካሁም። በአርባ ሁለተኛው ቀን የማጨሻዬ ሁለት ባትሪዎች አረጁና አንዴ ስስባቸው ድክም ይሉ ጀመር። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ ደግሞ ሲጋራ በፍሬ ትሸጣለች። አንዷን ፍሬ ከገዛሁ ሁለተኛዋንም እንደምገዛ ራሴን አውቀዋለሁ።

አበልጄ ሩፎም አብሮኝ መጣ። ሩፎ ጂፕኒ የሚባለው የከተማችን ታክሲ ሾፌር ነው፤ የልጄ የክርስትና አባት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እምቢ ብዬው የማላውቅ ሰው። ማጨሻውንም የሰጠኝ እሱ ነው። ድልድዩ ሥር ከሚዘረጉት ነጋዴዎች ሁለት ባትሪ ገዝቶልኝ ስለነበር፣ ወደ ሴትዮዋ የምንሄደው አይታ እንድትቀና ብቻ ነው አለኝ።

እኔ ኪሴን አራገፍኩ። ሩፎ ግን የሾፌር ኪስ ከተራገፈ ለቅሞ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጃል ብሎ ሳቀና፣ ባትሪዎቹን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። ሳንቲሞቹ ተንኳኩ። እትዬ ሊጋያ አንገቷን ቀና አደረገች።

"ባትሪውን ከሳንቲም ጋር ነው የያዝከው?"

"ታዲያ በምን ልያዘው፣ በጥርሴ?"

"በጥርስህ ይሻል ነበር። ሽፋኑ ትንሽ ተቀዶ ሳንቲም ነካ ካደረገው፣ ሱሪህ ውስጥ ነው የሚነደው። ያኔ ሚስትህ ናት የምታዝነው።"

ሩፎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ባትሪዎቹን ተቀብላ አንጥረኛ ወርቅ በሚመዝንበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ላይ አንዱን አስቀመጠች። እውነተኛው አርባ አምስት ግራም ያህል ይመዝናል። የሩፎ ሠላሳ አንድ ሆነ። ላዩ ላይ የሚይዘው ኃይል ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው የሚል ቁጥር በወርቅማ ቀለም ተጽፎበታል። በዚህ ቁመት ይህን ያህል የሚይዝ ባትሪ ገና አልተሠራም፣ ትልቁም ከሦስት ሺህ ብዙ አያልፍም አለችና ሽፋኑን በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ ሌላ የደበዘዘ ሽፋን ወጣ። ከተጣለ ርካሽ ዕቃ የተፈታ፣ ውስጡ የሳሳ አሮጌ ባትሪ ነበር።

ያረጀ ጫማ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ነው ተብሎ ሲሸጥ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አውቃለሁ። እኔ ጫማ ላይ የማየውን ይህች ሴት ባትሪ ላይ ታያለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኳት፤ ለአዴላይዳም ነግሬያታለሁ።

ከዚያ የትኛውን ባትሪ እንደምፈልግ ትጠይቀኛለች ስል ማጨሻዬን ተቀብላ ፈታችው። ውስጡ ያለችውን ፈሳሹን የምታግል ጥምዝ ሽቦ ለካች፤ ሽቦዋ አንዴ ሲሳብ ምን ያህል ኃይል እንደምትጠይቅ በወረቀት ላይ አሰላች።

"ጋሽ ቴዮ፣ ይሄ ዕቃ አንጎል የለውም" አለችኝ። "ሌሎቹ ሲበዛባቸው ራሳቸው ያቋርጣሉ። የዚህ አንጎል አንተ ነህ።"

መደርደሪያዋ ላይ አዳዲስና እውነተኛ ባትሪዎች ነበሩ፤ ገንዘቡን አውጥቼ ዘረጋሁ። መለሰችልኝ። እነዚህ ብዙ ይይዛሉ ግን ቀስ ብለው ነው የሚሰጡት፣ ያንተ ሽቦ ደግሞ ቶሎ ስጡኝ ይላል፣ ይግላሉ፤ የሚሆንህ ዓርብ ይመጣል አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ገበያ ውስጥ ስኖር የተዘረጋላትን ገንዘብ የመለሰች ባለሱቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እውነቱን ነገርኳት። እስከ ዓርብ አልችልም፣ ዛሬውኑ ሲጋራ መግዛቴ ነው አልኳት።

"አምሮት በያዘህ ቁጥር ና። እጅህ ሥራ ነው ያጣው።"

ሄድኩ። ሰኞ ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞ አራት ጊዜ። አሮጌ ባትሪዎች ፊቴ ታፈስልኛለች፣ እመዝናለሁ፣ ሽፋናቸውን መብራት ሥር አዟዙሬ አያለሁ፣ የተጫረውን እለያለሁ። እሷ አንዱን ባትሪ በሁለት ጣቷ አንስታ ሚዛን ላይ ሳታስቀምጠው ክብደቱን ትናገራለች፤ ስትሳሳት አላየሁም። ጥንዶቹን እንዴት እንደምታጋባም አየሁ። ሁለት ባትሪ በአንድ ቀን ይገዛል፤ አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ያርፋሉ። ባለቤቱ የሚወደውን ሰው ስም ሁለቱም ላይ ይጽፋል። አንዱን ለይቶ ያዋሰ ሰው ሁለተኛ እሷ ሱቅ አይገዛም። አንዱ ደክሞ ሌላው ከበረታ ደካማው ይግላልና።

ረቡዕ ግን እትዬ ሊጋያ ለጸሎት ባክላራን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ሱቁ ዝግ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ሩፎ መጥቶ ድልድዩ ሥር ከገዛቸው ሌሎች ሁለት አስቀመጠልኝና፣ እስከ ዓርብ በዚህ ተንፍስ አበልጄ፣ ማን ያይሃል አለኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ከፊቴ ሲጋራ የምትሸጠው ሱቅ፣ ጉልበቴ ላይ የሩፎ ባትሪዎች ሆኑ። ተነሥቼ በአዴላይዳ የወጥ ቤት ሚዛን መዘንኳቸው፤ ዘጠና መሆን ሲገባቸው ሁለቱም አንድ ላይ ስልሳ ሁለት ግራም። ጓዳ ውስጥ ሃቲ ታስላለች። ባትሪዎቹን አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ቀበርኳቸው፣ ሚስማሩን ከንፈሬ ላይ ሰክቼ እስኪመሽ ሶል መታሁ። ሦስት ሶል አጣመምኩ፤ ግን ሲጋራ አልገዛሁም።

ሐሙስ ወሬው ከሩፎ በፊት ደረሰኝ። ለራሱ ማጨሻ የያዘውን ትርፍ ባትሪ ከመሪው አጠገብ ሳንቲም የሚያጠራቅምበት ሣጥን ውስጥ ጥሎት ኖሯል። አሥራ አራት ሰው አሳፍሮ ሲሄድ ሣጥኑ ጨሰ። በባዶ እጁ አፈፍ አድርጎ እርጥቡ አስፋልት ላይ ወረወረው፤ እዚያ ነደደ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳይከፍል ወረደ። ሩፎ መዳፉ ተላጠ።

ዓርብ እትዬ ሊጋያ ስምንት ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝና እጇን አጣጠፈች። ምረጥ ማለቷ ነው። መዘንኩ፣ ሽፋኑን አየሁ፣ በመለኪያዋ አንድ በአንድ ለካሁ። ትልቅ ቁጥር የተጻፈባቸውን አልፌ መሃል ካሉት ልክ እኩል የሚሰጡትን ሁለቱን አነሣሁ። ቆይታ አየቻቸው። ከዚያ የመጻፊያውን እስክሪብቶ ሰጠችኝ፤ ዕድሜ ልኬን ከተመሰገንኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። ሁለቱም ላይ ሃቲ ብዬ ጻፍኩ።

ሩፎ እጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል። ግማሽ ቀልዱን፣ አበልጄ፣ እስከ እሑድ አንዷን አውሰኝ አለ።

"አላውስህም" አልኩት። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ዞር ብሎ፣ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ተናገረ።

"እትዬ፣ እንግዲያው ለኔም ምረጪልኝ።"

"እኔ አልመርጥልህም። እሱ ይምረጥልህ" አለችና በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ፣ ሚዛኑን ወደ ራሴ ሳብኩና አበልጄን ቀና ብዬ አየሁት።

"መጀመሪያ ኪስህን አራግፍ" አልኩት።

በደህናው እጁ፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ድረስ አራገፈ።