እስክደርስ ድረስ

አባባ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ወንድሜ ስማቸው የአባባን መታመም ሰምቶ፣ ለዚያው ቀን ከጆሃንስበርግ ቲኬት ቆርጦ ነበር። ስልኬን ከፍቼ ለአጎቴ ለጋሽ ደሴ አሳየኋቸው፤ ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ሰዓት ተኩል በረራ። ቀብሩ እሱ እስኪመጣ ይቆይልን ብዬ ለመንኳቸው።

ጋሽ ደሴ ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩት።

"ይኸ የሚቆጥረው ሰማዩን ብቻ ነው" አሉ። "ማታ አዲስ አበባ ያድራል። ጧት ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ እዚህ አዲስ ቅዳም በመኪና። ነገ ቀትር ነው የሚደርሰው፣ ልጄ።"

ሬሳ እቤት እንደማያድር አልነገሩኝም። አውቀዋለሁ።

ቀትር ላይ ጊዮርጊስ ቀበርናቸው። ስንመለስ ጋሽ ደሴ ድንኳኑ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ አስጠነቀቁ፤ ለስማቸው በስልክ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። መርዶውን ነገ ዘመድ ይዘው ባሕር ዳር ወርደው ራሳቸው ይነግሩታል። ብቻውን ሰማይ ላይ ሆኖ ቢያለቅስ ማን ይይዘዋል?

ትንሽ ቆይቶ ስማቸው ደወለ፤ ሊሳፈር ተሰልፏል። አባባ እንዴት ናቸው አለኝ። ደከም ብለዋል አልኩት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊልኝ አለኝ።

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፍራሹ ወጥቷል። ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አድርጌ የአልጋው ጣውላ ላይ አስቀመጥኩትና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ መጣሁልዎ" አለ።

አውሮፕላኑ እንደ ዳንግላ ሚኒባስ እስኪሞላ እንደማይጠብቅ ነገራቸው። ጆሃንስበርግ በበቅሎ ስንት ቀን ይሆናል እያሉ ሲያሾፉበት የኖሩትን ዛሬም ማስላት እንዳቃተው ነገራቸው። ጃኬት ገዝቶላቸዋል፤ ቀለሙን እንዳይሰድቡበት ለመናቸው። በየመሀሉ መልስ ይጠብቃል።

ያኔ ከአዘና የመጡ ለቅሶ ደራሾች ገና ከመንገዱ ላይ ዋይታቸውን ለቀቁት። ድንኳኑ በለቅሶ ተቀበላቸው። ስልኩን ለማንሳት እጄን ዘረጋሁ፤ ግን ዘግይቼ ነበር።

 ከስማቸው ኋላ አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ ትጠራለች።

"ምህረቴ።"

"አቤት።"

"ተኝተዋል በይኝ።"

ስልኩን ከጣውላው አነሳሁት።

"አምስት ሰዓት ተኩል ከማላውቀው ሰው ጎን ነው የምቀመጠው። እዚያ ማልቀስ አልችልም። እስክደርስ ድረስ ተኝተዋል በይኝ።"

"ተኝተዋል" አልኩት።

"እሽ። እንዳትቀሰቅሻቸው" አለና ዘጋው።

ስወጣ ጋሽ ደሴን በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰማ ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። አልሰማም አልኳቸው። እፎይ አሉና ወደ ድንኳኑ ተመልሰው፣ ነገ አብረዋቸው ባሕር ዳር የሚወርዱትን ሰዎች ይመርጡ ጀመር፤ ጠንካሮቹን፣ ሲወድቅ የሚይዙትን።