ማንም የማይነካቸው ሸርጣኖች

«ስሙኝ!» አሉ እማማ ሉ፣ የሚስቴ እናት። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሽርጣቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሰፈር ኮሚቴ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገ በዚህ ቤት ሸርጣን በእንፋሎት ይበስላል።»

በቻይናዋ ሱዡ ከተማ በጥቅምት ወር ይህን ማወጅ ነገ ፀሐይ ትወጣለች ብሎ እንደ ማወጅ ነው። የሐይቁ ሸርጣን በሚሰባበት ወቅት ከኩሽናው እንፋሎት የማይወጣ ቤት ካለ፣ ወይ ለቅሶ ገብቶበታል ወይ ሰዎቹ ለቀው ሄደዋል። ስለዚህ ማንም ቀና አላለም። ሚስቴ ዪንግ ስልኳን ትነካካለች፤ አባቷ አባባ ፋን ጋዜጣ ያነባሉ።

«የሚበስለው ለዶክተር ጎንግ ነው» ብለው ቀጠሉ እማማ ሉ። «ከዚህ ቤት ሰው ማንም አይነካውም።»

ጋዜጣው ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ፋን ሪህ አለባቸው። አምና የእግራቸው አውራ ጣት እንደ ቀይ ሥር አብጦ ብርዱን ሁሉ ሲጮኹ ከረሙ፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ያን እግር ያሹት እማማ ሉ ናቸው። ዶክተር ጎንግ ሸርጣን ከለከሏቸው። አባባ ፋን ተደብቀው በሉና ተያዙ። ደግመው በሉ፤ ደግመው ተያዙ። ያኔ እማማ ሉ አልጮኹም፤ ወጥተው ሻንጣ ገዙ። ሻንጣው እስካሁን በሩ አጠገብ እንደ ቆመ ነው። «አንድ ጊዜ ብትደግማት ዉሺ ከተማ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እግርህን የበላኸው ሸርጣን ይሽልህ» ነው ያሉት።

«እኛስ ምን አደረግን?» አለች ዪንግ። «የእኔ እግር ደኅና ነው።»

«አባትሽ ምራቁን እየዋጠ እያየሽ ልትበዪ? እሰይ የኔ ልጅ! እሱ ካልበላ ማንም አይበላም። እኔ እንደሆነ ሸርጣን ካስጠላኝ ቆየ።»

የምበላው ሩዝ ትን አለኝ። እማማ ሉ ሸርጣን አስጠላቸው! ከዚህ ይልቅ ሐይቁ ደረቀ ቢሉኝ ቶሎ አምናለሁ።

እኔን እንኳ ክልከላው አልነካኝም። ከጋንሱ፣ ከአሸዋ አገር የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ሸርጣን ማለት ዋና የሚችል ሸረሪት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ቤት በእጮኝነት የገባሁ ዕለት አባባ ፋን አንድ ቀይ፣ ሙሉ ሸርጣን ሳህኔ ላይ አኖሩልኝ። ለፍቅር ስል ዓይኔን ጨፍኜ የጀርባውን ቅርፊት ባነሣው ውስጡ ባዶ! «እ!» ብዬ ከወንበሬ ዘለልኩ። ለካ ሽማግሌው ሥጋውን ጭረው በልተው ሲያበቁ ቅርፊቱን እግር በእግር መልሰው ገጥመውታል። ይህ የፋን ቤት ጥበብ ነው። ለሚስታቸው በጫጉላቸው፣ ለልጃቸው በሕፃንነቷ አስተምረውታል። የዚያን ዕለቱን ዝላዬን ዪንግ ለሰው ሁሉ ስታሳይ ትኖራለች።

በማግስቱ አራት ሸርጣን መጣ። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ የሆዳቸው ክዳን ሾጣጣ፤ ሁለቱ ሴቶች፣ የሆዳቸው ክዳን ክብ። እማማ ሉ በብሩሽ ፈግፍገው፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አስተኝተው፣ ዝንጅብል ጣል አድርገው ከደኑ። ሲበስሉ የታሰሩበትን ክር ፈቱላቸው። ጎን ለጎን የዝንጅብል ሻይ በጥቁር ስኳር አፈሉ። ሸርጣን ለሆድ ብርድ ነው፤ የበላ ሰው ይህን ካልጠጣ ያድራል እያቃሰተ። ያልበላ ሰው ደግሞ አይጠጣውም፤ ምን አቃጥሎት?

ሽታው ያለ ፈቃድ ሳሎን ገባ። አባባ ፋን መስኮት ከፈቱ፤ ከጎረቤት የባሰ ሽታ ገባ። ዘጉት።

ዶክተር ጎንግ ደወሉ። «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው። ትንሽ እቆያለሁ።» ከኋላቸው የሳህን ኳኳታና ሳቅ ይሰማል። መንገዱ ዳር ምግብ ቤት ይኖራል ብዬ አሰብኩ።

«እሳቱን ልይ» ብለው እማማ ሉ ኩሽና ገቡ። እሳቱ ብዙ መታየት ነበረበት መሰለኝ፣ ቆዩ። ቀጥላ ዪንግ «ውሃ ልጨምርበት» ብላ ገባች፤ ስትመለስ እጇን ሽታ በሚያጠፋው በሻይ ቅጠል ታጥባ ነበር። ኋላ እማማ ሉ ወንበራቸው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው አባባ ፋን ወደ ሽንት ቤት ሄዱ። የኛ ሽንት ቤት በኩሽና በኩል ነው። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የሰላም ሰው ፊት አየሁ።

ሻንጣውን አየሁት። ሮጬ ገብቼ ክዳኑን አነሣሁ፦ አራቱም፣ ቀይ፣ ሙሉ፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው። እፎይ አልኩ።

ዶክተሩ መጡ። የግራ ጫማቸው ማሰሪያ ተፈትቷል፤ ሲራመዱ ያነክሳሉ። «አዲስ ጫማ ነው» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። አባባ ፋን ያን እግር አገር ቤት የሚያውቁትን ሰው እንዳገኙ ሆነው አዩት።

«እኔ ሻይ ይበቃኛል፤ አትቸገሩ።»

«ምን ሲደረግ! ለእርስዎ ብለን ቤቱ ሁሉ ጾሞ?» እማማ ሉ ከትሪው አንዷን ሴት ወደ ዳር ገፋ አድርገው ሌላዋን መርጠው አቀረቡ። «በዕንቁላል የተሞላች ናት፤ ያንሡልኝ።»

ዶክተሩ ተንፍሰው ቅርፊቱን አነሡ።

ባዶ። እንደ ታጠበ ስኒ የጸዳ ባዶ።

ዶክተሩ ክዳኑን እንደያዙ ቀሩ። የእማማ ሉ ከንፈር ነጣ፤ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር፣ ምያለሁ።

«አንተ ሽማግሌ!» ብለው ተነሡ። «በእንግዳ ፊት! በሐኪምህ ፊት!» ሄደው የሻንጣውን እጀታ ያዙ።

«እሷን አልበላሁም!» ጮኹ አባባ ፋን።

«እሷን?»

«ሆዷን እዪው፤ ክብ ነው! ሴት ናት! እኔ የበላሁት ሾጣጣውን ነ...» ቃሉን ሊመልሱት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዘግይተዋል።

«በላሃ!»

«በላሁ። ግን አንዱን ነው! ይቺንስ ማን በላት?»

ዪንግ ጣሪያውን ማጥናት ጀመረች።

እማማ ሉ ልጃቸውን አዩ፤ እጃቸው ግን ከሻንጣው አልወረደም። አባባ ፋን የሚያጡት ነገር ስላልቀረ፣ ጣታቸውን ዘርግተው ዳር የተገፋችውን ሁለተኛዋን ሴት ነካ አደረጓት። እንደ ዕንቁላል ልጣጭ ኮሽ ብላ ትሪው ላይ ተንሸራተተች።

«ይቺስ?» አሉ ቀስ ብለው።

እማማ ሉ እጀታውን ለቀቁ። ኩሽና ገብተው የዝንጅብሉን ሻይ በስኒ ይዘው ተመለሱ። አንዱን ባላቸው ፊት አኖሩ። አንዱን ዪንግ ፊት። ሦስተኛውን ራሳቸው ይዘው ተቀመጡና ፉት አሉ። ለእኔ አልመጣም።

ዶክተር ጎንግ ስኒዎቹን አዩ። ማሰሪያው የተፈታ ጫማቸውን አዩ። ባዶውን ቅርፊት ቦታው ላይ በጥንቃቄ መልሰው ገጠሙት።

«ወይዘሮ ሉ» አሉ፣ «ካላስቸገርኩ፣ ለእኔም ይቀዳልኝ።»