አራት አራት ሆነው

አስከሬን መርማሪው ሐኪም ጠርሙሷን ጠረጴዛዋ ላይ ሲያኖር ስም አልጠራም፤ የተጻፈባት ቁጥር ብቻ ነበር። ከሐይቅ ከወጣች ሴት ሳምባ የተቀዳ ውሃ መሆኑንና ፖሊሶች እውነት እዚያው ሰጥማ እንደሆነ ማወቅ እንደሚፈልጉ ነገራት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን የመጠጥ ውሃ በማይክሮስኮፕ ስትመረምር ለኖረችው ሴት እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶላት አያውቅም። በዚያ ሳምንት ከሐይቅ የወጣችው ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የታናሽ ወንድሟ ሚስት። ማክሰኞ ነው የቀበሯት። «ዘመዴ ናት» ብላ ጠርሙሷን መመለስ ነበረባት፤ ፈርማ ተቀበለችው።

ሐኪሙ እንደወጣ መጀመሪያ ለማነጻጸሪያ አብሮ የመጣውን የሐይቁን ውሃ አየች። እንደ ወትሮው ነው። ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው ረቂቅ ተክል፣ አልጌው፣ ዓይነት በዓይነት ነው፤ ብቻውን የሚዋኝ አለ፤ ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥሎ እንደ ፀጉር የረዘመ አለ፤ ከሁሉ የሚበዙት ግን ብዙ መቶ ሕዋሶች ተያይዘው የሠሯቸው፣ እየተንከባለሉ የሚሄዱ አረንጓዴ ኳሶች ናቸው። በዚያ ሐይቅ የሰጠመ ሰው እነዚህን ከውሃው ጋር ወደ ሳምባው ሳይስብ ሊቀር አይችልም።

ከዚያ የጠርሙሷን ጠብታ አስገባች። ኳስ የለም። ፀጉር የለም። አራት አራት ሆነው ጎን ለጎን የተሰለፉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ቀንድ ያበቀሉ ሕዋሶች ብቻ። አምስት ጊዜ ጠብታ ቀየረች፤ ያው ነው።

የት እንዳየቻቸው ታውቃለች። ከወር በፊት የወንድሟ ሚስት «ውሃችን አረንጓዴ ሆነብን» ብትላት፣ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ቀድታ መርምራላት ነበር። መዝገቧን ስትገልጥ በገዛ እጇ የሣለቻቸውን ከነቀንዳቸው አገኘች።

በምሳ ሰዓት ወንድሟ ቤት ሄደች። ሌላ ነገር ባገኝ እያለች መሰላሉን ወጣች። ታንከሩ ባዶ ነበር፤ ተፈግፍጎ ነጥቷል፣ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ወንድሟ፣ አዝላ ያሳደገችው፣ እስከ ዛሬ ማሙሽ የምትለው ሰው፣ ከታች ቆሞ ያያታል።

«ማሙሽ፣ ለምን አጠብከው?»

«ቆሽሾ ነዋ። አንቺው አይደለሽ እጠቡት ያልሽው?»

«ሳምባዋ ውስጥ ያለው የሐይቁ ውሃ አይደለም» አለችው። «የዚህ ታንከር ነው።»

እንዴት አወቅሽ አላላትም፤ አልማለም፣ አልተቆጣም። ወገቧን የቆረጠው ይኸው ነው። ስትወርድ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘላት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹን ፈራቻቸው።

«ለእማዬ ምን ልትያት ነው?» አላት።

ቢሮ ተመልሳ «ምንም የተለየ ነገር አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ደጋግማ አነበበችው። ያን ቀን ውሃውን ቀድታ ስትወርድ ሚስትየው ቀስ ብላ «ጥቂት ቀን አንቺ ጋ ልደር?» ብላት እንደነበር ትዝ አላት። እሷ ደግሞ ስቃ «ባልሽን ማን ሊያበላው?» ብላት ሄዳለች። ወረቀቱን ቀደደችው። ያየችውን እንዳለ ጻፈች፤ የመዝገቧን ገጽ አያያዘች፤ ዘመድ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ይይልኝ የሚል ጨመረችበት።

ሌላው መርማሪም ያንኑ አየ። ወንድሟ ሁለት ቀን ክዶ በሦስተኛው ቤታቸው ውሃ ውስጥ ደፍቆ ገድሎ ሐይቅ እንደጣላት አመነ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ፈረዱበት። የሟች ወገኖች ፍርድ ቤት በር ላይ በአጠገቧ አልፈዋት ሄዱ። የገዛ እናቷ ግን የቤቷን በር ከፍታ ጠበቀቻት።

«ወንድምሽን በአንዲት ጠብታ ውሃ ሸጥሽው» አለቻት፤ በሩንም ዘጋችው።

አሁንም በየእሑዱ እናቷ ቤት ትሄዳለች። የእናቷ ጎረቤት ወጥታ «ተኝተዋል» ትላታለች። እናቷ ግን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትታያለች፤ ፊቷን አታዞርም።