ጎንበስ ያለው ጠባቂ

እስቲ ስሙኝማ። ጫማ ሰፊው ያን እሁድ ከሰዓት ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ቀያየረ። ሠርግ ተጠርቶ አይደለም፤ ሴት ልጁ የሲኒማ ትኬት ቆርጣለት ነው።

ፊልሙ የጦር ምርኮኞች ታሪክ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሲቀረጽ፣ ጫማ ሰፊው ራሱ ሦስት ዓመት ከቆየበት ምርኮ ገና መመለሱ ነበር። ሥራ የለው፣ ትዳር የለው። ፊልም ሠሪዎቹ ቁመቱን አይተው የጠባቂ ልብስ አለበሱት፤ ጠመንጃም አስያዙት። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በመጣ ቁጥር «ራሴን አመመኝ» ይላል። እሱ ካልሄደ ብላ ሚስቱም አይታው አታውቅም። ልጆቹ አባታቸውን በዚያ ልብስ እንዲያዩት አይፈልግማ!

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ሚስቱ ኮሌታውን እያስተካከለች፤ «ራስህ የሚታመመው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ብቻ ነው እንዴ?»

«ያኔ የፊልም ሠሪዎቹንም ሥራ አበላሽቼባቸዋለሁ፤ ዳይሬክተሩ ሰው ፊት ጮኾብኝ አባረረኝ።»

«ምን አድርገህ?»

«ተይው እስቲ» አለ ጫማውን እያሰረ። ግን ሄደ።

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ሴት ልጁ በቀኙ፣ ሚስቱ በግራው ተቀመጡ። ምርኮኞቹ ተሰልፈው በጭቃው መሀል ሲመጡ ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱ «እግዜር ያበርታህ» አለች በልቧ።

ከሰልፉ ዳር አንድ ረጅም ጠባቂ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ምርኮኛ የጫማው ማሰሪያ ተፈቶ እየተንገዳገደ ደረሰ። ጠባቂው ጠመንጃውን ጭቃው ላይ አስቀመጠና ጎንበስ አለ። ማሰሪያውን ሁለቴ አዙሮ ጠበቅ አደረገለት፤ ከዚያ ጫማውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ልክ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ እንደሚያደርገው።

ከኋላ አንድ ሰው ንፍጡን ሳብ አደረገ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?» አለች ልጁ በሹክሹክታ።

«ተፈቶበት ነበራ!» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ምን እንደለበስኩ ረሳሁት። እኔ እኮ ይህን ከፊልሙ ቆርጠው የጣሉት መስሎኝ ነበር።»

ሚስቱ በጨለማው እጁን ፈልጋ ያዘችው፤ ማስቲሽ ያደረቀው፣ መርፌ የወጋጋው እጅ ነው።

«በል አሁን ዓይንህን ግለጥ።»

ገለጠ። ሽማግሌው ምርኮኛ ገና እየሄደ ነበር። ማሰሪያው አልተፈታም።

ፊልሙ አንድ ቀን እናንተ ዘንድ ከመጣ፣ አደራችሁን፣ ልብሱን አትዩበት፤ እጁን እዩለት።